የአዲሱ ማሽን የመጀመሪያ ቅዳሜ

«ምንጣፍ ልጀምር ነው! ግፊት ቀንስ!»

የአባቷ ድምፅ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት ወርዶ፣ ከሞተሩ ጩኸት ጋር ተጋፍቶ፣ እንደምንም ፌንጣ ጆሮ ደረሰ። ፌንጣ ዙሪያዋን ቃኘች። የጽዳት ማሽኑ ቫኑ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ቱቦዎች፣ ቀጭኑ የፈላ ውሃ የሚወስደው፣ ወፍራሙ ቆሻሻውን ምጎ የሚመልሰው፣ ግድግዳውን ታክከው ሊያጸዱት እስከመጡት ጥርስ ክሊኒክ ድረስ ወጥተዋል። ሁሉም በቦታው ነው። የሌለው ታላቅ ወንድሟ ክሬን ብቻ ነው።

እሱ ከሕንፃው ጀርባ ያለው የውሃ ቧንቧ ማፍሰስ ጀምሮ ሊያጠብቅ ሄዷል። «እንዳትነኪ፣ መጣሁ» ብሏት ነበር። መጣሁ ያለው ሰውዬ ግን የውሃ ሽታ ሆነ።

«ምን ይደናቆራል ይሄ ልጅ! ቀንስ እኮ ነው የምልህ!» አለ አባቷ፣ አሁንም ከላይ።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ እንዲህ ያለ መጯጯህ አልነበረም። አሮጌዋ ማሽን ትንሽ ፍሪጅ የምታክል፣ ሰው የሚሸከማት ነበረች። ክሬን በገመድ ጀርባው ላይ አስሮ አራት ፎቅ ያወጣት ስለነበር ነው ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣለት። ውሃዋን በባልዲ ይሞሏታል፣ እጣቢዋን በባልዲ ይደፉላታል፣ ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ይሠራሉ። አዲሱ ግን ቫኑ ውስጥ በብሎን ታስሯል። ውሃውን ራሱ ያፈላል፤ እሱ መንገድ ላይ ቆሞ ቱቦው ብቻ ፎቅ ይወጣል። ከታች ያለው ሰው ለሴራሚክ ወለል ግፊት ይጨምራል፣ ለምንጣፍ ይቀንሳል። ሥራው ይኸው ነው።

አሮጌዋ ስትሸጥ የተቃወመው ክሬን ብቻ ነበር። «አዲሱን አንድ ወር እንልመደው፣ ከዚያ ትሸጣታለህ» ቢል አባቱ «ፈሪ!» ብሎ አፉን አስያዘው። ዛሬ ጠዋትም ቱቦ ሲጭኑ በዚሁ ተነታርከው፣ ተኮራርፈው ነው ከቤት የወጡት።

የፌንጣ እጅ ከሐሳቧ ቀደመ። የግፊቱን ማዞሪያ ይዛ ወደ ቀኝ ጠመዘዘችው።

በአሮጌዋ ማሽን ግፊት የሚቀነሰው ወደ ቀኝ ነበር። ፋብሪካው እንዲያ አልሠራትም። አንድ ጊዜ ተበላሽታ አባቷ ራሱ ፈታትቶ ሲገጥማት ማዞሪያዋን ገለበጠው፤ ተገልብጧል ብሎ ሊነግረው የደፈረ ስላልነበረ ቤተሰቡ በተገለበጠው ለመደ። በዚህች ዓለም ላይ ግፊት ለመቀነስ ወደ ቀኝ የሚያዞሩ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አዲሱ ማሽን ይህን ከየት ይወቅ? የመለኪያው ቀስት ሽቅብ ወጣ። ፌንጣ ገና አልቀነሰም ብላ ጨመረችበት።

ላይ አንድ ነገር ጧ! አለ። ቀጥሎ የአባቷ ጩኸት መጣ፣ ሰው የሚጮኸው ሳይሆን የሚታረድ በሬ የሚያጓራው ዓይነት።

ያኔ ገባት። ማዞሪያውን ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው መለሰችው። ከዚያ ማንም ሳያያት ሁለት እርምጃ ከቫኑ ራቀች። ያቺ ሁለት እርምጃ ናት በኋላ ያንገበገበቻት።

ክሬን እየሮጠ መጥቶ ማሽኑ ጋ ሲደርስና አባታቸው ከሕንፃው በር ተወርውሮ ሲወጣ አንድ ሆነ። የአባቷ ቀኝ እጅ ከጣቱ እስከ ክርኑ ቀልቷል። በግራው የሚያጸዳበትን ረጅም የብረት ዘንግ ይዟል፤ ቱቦው ከጫፉ ስላመለጠ አሁን ዱላ እንጂ ዕቃ አይመስልም።

«ማነው የነካው?»

ክሬን ቀስቱን አየ። ማዞሪያውን አየ። ከዚያ ፌንጣን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አያት። ፌንጣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እኔ ነኝ» አለ ክሬን። «ተሳስቼ ነው፣ አባዬ።»

«ተሳስቼ? ሆን ብለህ ነው! ለዚያች ቆርቆሮ ብለህ እጄን ትቀቅለዋለህ?»

ዘንጉ ትከሻው ላይ አረፈ። ክሬን ጎንበስ ሲል ጀርባውን ደገመው። ሦስተኛው ቅንድቡን ሰነጠቀው፤ ደሙ ዓይኑን ሞልቶ ጉንጩ ላይ ወረደ። ፌንጣ በየምቱ ልክ የራሷ አጥንት ሲሰበር ትሰማለች።

«ኧረ ሰውዬ፣ ትገድለዋለህ እኮ!» አለ ከማዶ ጎማ የሚለጥፈው ሰው።

«ልጄ ነው! አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ? ጎማህን ለጥፍ!»

አራተኛው ምት አልወረደም። ክሬን ዘንጉን አየር ላይ ያዘው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜው የአባቱን ዱላ እንዲህ ይዞት አያውቅም። ሲጠመዝዘው አባቱ እግሩ ከዳውና ከቫኑ የሚንጠባጠበው ሳሙና ላይ ተንሸራቶ በጀርባው ተዘረረ። ዘንጉ አሁን ክሬን እጅ ላይ ነው፣ ከራሱ በላይ።

አባቷ ከመሬት ሆኖ ቀና አለ። ቢፈራም ፍርሃቱን በስድብ ሸፈነው። «ምታ እንጂ! ምታና ጨርስ! ከዛሬ ጀምሮ ቤቴን እንዳትረግጥ። ልጅ የለኝም!»

«ድገመው» አለ ክሬን። ድምፁ የሱ አልነበረም። «አንድ ጊዜ ድገመው።»

ጉልበቱ ተወጠረ። ዘንጉ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደ፣ መጥረቢያ ከመውረዱ በፊት እንደሚሄደው።

«እኔ ነኝ!»

ሁለቱም ዞሩ። ፌንጣ ጮኻ ስታበቃ ነው የራሷ ድምፅ መሆኑን ያወቀችው። «ያዞርኩት እኔ ነኝ! እሱ አልነበረም! የቀነስኩ መስሎኝ ወደ ቀኝ አዞርኩት!»

አባቷ ተነሳ። ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየችም፤ ያወቀችው አፏ የብረት ጣዕም ሲሞላ ነው። ሁለተኛውን ሲያነሳ መሀላቸው ክሬን ቆሟል። ዘንጉን ጥሎታል።

«በቃ» አለ ክሬን። «እሷን አትነካም።»

«ይሄን ጉድ የሚያጠፋ ሰው የለም?» የሚል ድምፅ ተሰማ። የጥርስ ሐኪሟ ነበረች፤ ቁመቷ የፌንጣ አባት ደረት ላይ የሚደርስ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ የወረደች። ፌንጣ ሞተሩን አጠፋችው። መንገዱ ድንገት ጭር አለ።

«እኔ ጋ ሰው ሲጮህ ፈቅዶ ነው» አለች ሐኪሟ አባትየውን ቁልቁል የምታየው ይመስል ሽቅብ እያየችው። «እዚህ ደጃፌ ላይ ሌላ እጅ ቢነሳ ፖሊስ እጠራለሁ። አሁን ሦስታችሁም ወደ ላይ!»

አባትየው ቀድሞ ተከተላት።

ላይ የምንጣፉ አንድ ጥግ ተበጣጥሶ ክሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አባቷ እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ተቀመጠ። ክሬን የሕመምተኞቹ ወንበር ላይ ተጋደመ።

«አፍ ልክፈት?» አለ፣ ሊቀልድ እየሞከረ።

«ዝጋው። የምሰፋው ድድ ነበር፤ ቅንድብ ግን ከድድ ይቀላል» አለች ሐኪሟ መርፌዋን እያዘጋጀች።

«ለምን ወደ ቀኝ?» አለ አባቷ ባልዲውን እያየ።

«አሮጌዋ ወደ ቀኝ ነበር የምትቀንሰው» አለች ፌንጣ። «አንተ ከጠገንካት ጀምሮ።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣ። ከንፈሩ ተላወሰ፣ ቃል ሊወልድ ደረሰ፣ መልሶ ዋጠው። በዚያው ቅጽበት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እጁ ውሃ ውስጥ ስለሆነ በአገጩ ጠቆማት። ፌንጣ አወጣችው። እናቷ ነበረች።

«አንሺው» አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሱን ቅንድብ ደረጃ ላይ ወድቆ ነው በያት። የኔን እጅ ቱቦ ፈንድቶ ነው በይ፣ እሱ እውነት ነው።»

ደረጃ። አምና ክሬን ጥርሱ ሲወልቅ ደረጃ ነበር። የካቻምናው ክንዱም ደረጃ ነበር፤ ማሽኗን ተሸክሞ ሲወጣ። እናታቸው በየጊዜው «ይቺ ማሽን ልጄን ልትጨርስብኝ ነው» ትል ነበር፣ ማንንም ሳታይ፣ እጇን እያፍተለተለች። አዲሱ ማሽን ደግሞ ከቫኑ አይወርድም። ዛሬ ደረጃ ላይ ዕቃ የተሸከመ ሰው የለም።

ስልኩ ይጮሃል።

«በያት፣ ፌንጣ» አለ ክሬን ከወንበሩ። ያልተሸፈነው ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። «ወድቄ ነው በያት። ይለፍ።»

ሐኪሟ መስፋቷን አቆመች።

ፌንጣ ያበጠ ከንፈሯን በምላሷ ነካችው። ወደ መስኮቱ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሳይሆን ሁለቱንም እያየች፣ ስልኩን አነሳች።

«ሄሎ ልጄ! እንዴት ነው አዲሱ ማሽን?» አለች እናቷ። «ሥራው ቀለላችሁ?»

«እማዬ፣ አሁን ብቻሽን ነሽ?»

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

አባቷ እጁን ከባልዲው አወጣ። ውሃው ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ቁጭ በይ እስቲ» አለች ፌንጣ። ከዚያም ማዞሪያውን ካዞረው ከራሷ እጅ ጀምራ፣ አንድም ሳታስቀር ትነግራት ጀመር።