ውስጡ ያልተቀባው ብፌ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚያምኑት ወገን አልነበርኩም፣ ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ኋላ "እሷማ ድሮም ፈሪ ነች" ትሉኛላችሁ። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ አብራኝ የነበረችው ልጅ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ጅን አለ ብላ መብራት ሳታበራ አትገባም ነበር፣ እኔ ግን በጨለማ ገብቼ ልብሴን አጥቤ እወጣለሁ፣ እንዲያውም እስቅባት ነበር። አሁን ብትነግረኝ አልስቅም።

ጅዳን ካነሳሁ አይቀር፣ ሙያዬንም ያገኘሁት እዚያው ነው። አሠሪዬ ማዳሟ አሮጌ የእንጨት ዕቃ እየገዛች ማደስ ትወድ ነበር፣ ስትፍቅና ስትቀባ መጀመሪያ ዕቃ አቀብላታለሁ፣ ኋላ ኋላ እሷ ተቀምጣ እያየች እኔ የምሠራው ሆነ። አገሬ መካነ ሰላም ስመለስ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሰው መጀመሪያ ግራ ገባው፣ አሮጌ ወንበር ይፈለጣል እንጂ ማን ይቀባዋል፣ ግን አንድ የተንጋደደ ቁም ሳጥን አቃንቼ፣ ፍቄ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቼ፣ ሰማያዊ ቀብቼ በር ላይ ሳቆመው፣ ከወግዲ ሳይቀር በአይሱዙ እየጫኑ ያመጡልኝ ጀመር። ሥራዬን እወዳለሁ፣ እኮራበታለሁም፣ ይህን ያዙልኝ።

ሰይድን ያገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። አስተማሪ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው። የፊት ሚስቱ ፋጡማ በአጭር ሕመም ሞታበት ብቻውን ይኖር ነበር፣ ይህን አውቄ ነው የገባሁት፣ የሞተ ሰው ምን ያስቀናል ብዬ። ሳሎኑ ውስጥ ግን አንድ አረንጓዴ ብፌ ነበር።

ብፌውን ፋጡማ ናት በእጇ የቀባችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰይድ የብፌውን ጎን መታ መታ እያደረገ "ይሄን እኮ እሷ ነች የቀባችው" ይላል፣ ስሟን እንኳ አይጠራም፣ "እሷ" ሲል ሁሉም ያውቃል። የባለሙያ ዓይን ደግሞ ክፉ ነው፣ ሳልፈልግ አየዋለሁ፣ ሳትፍቀው ነው የቀባችው፣ ቀለሙ በየማዕዘኑ እንደ ሻማ ወርዶ ደርቋል፣ የብሩሽ ፀጉር ተጣብቆበት ቀርቷል፣ ውስጡን ደግሞ ጭራሽ አልነካችውም፣ ጥሬ እንጨት ነው። ይህንን ነው እንግዲህ ሰይድ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ የሚወለውለው። እኔ ለዚያው ሳሎን አንድ መደርደሪያ ሠርቼለት ነበር፣ ወላሂ ሰው ቆሞ የሚያየው ሥራ፣ "ጥሩ ነው" አለና መጻሕፍቱን ደረደረበት፣ በቃ። በሕይወት ካለች ሴት ጋር ቢሆን ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር፣ ከሞተች ጋር ግን በምን አፍ ልጣላ?

አንድ ቀን ራት እየበላን "ያን ብፌ ላድሰው" አልኩት።

የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። "ምን ሆነና?"

"ቀለሙ ተላልጧል። ነጭ ባደርገው ሳሎኑን ያበራዋል።"

"ውስጡን ልትጨርሰው ነበር" አለ፣ ለእኔ መልስ እንደመስጠት ሳይሆን ከራሱ ጋር እንደሚያወራ። "ታማ ተኝታ እንኳ፣ ትንሽ ይሻለኝና እጨርሰዋለሁ ትል ነበር።"

"እኔ እጨርሰዋለኋ።"

ቀና ብሎ አየኝና "እንደፈለግሽ" አለ። "እንደፈለግሽ" ስንት ዓይነት እንዳለው ያገባ ሰው ያውቃል፣ እኔ ግን የሚመቸኝን ወሰድኩ።

በሳምንቱ ለፈተና ሥራ ወግዲ ሄደ። እኔም ሱቄን ሳልከፍት ብርጭቆውን ሁሉ ከብፌው አወጣሁ፣ ከግድግዳው ጎትቼ መሀል ሳሎን አቆምኩትና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጀመርኩ። ያ አረንጓዴ አቧራ ሆኖ ወለሉ ላይ ሲረግፍ ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ድምፁን ነው። ላቤን ልጠርግ እጄን ሳነሳ፣ የመፈግፈጉ ድምፅ ወዲያው አይቆምም፣ ትንሽ ይቀጥልና ይቆማል። ባዶ ሣጥን ነው፣ ያስተጋባል አልኩ። ደግሜ ጀመርኩ፣ ደግሜ ቆምኩ፣ ይቀጥላል፣ ከዚያ ልክ እንደ ነቃብኝ ሰው ዝም ይላል። አይጥ ይሆናል ብዬ በሮቹን ከፍቼ አየሁ፣ ደረቅ እንጨት ብቻ ነው።

ይህን እያየሁ ነው ጎረቤታችን እትየ ዘሀራ በሩን ያንኳኩት። የእሳቸውና የእኛ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የተያያዘው።

"ሰዓዳ፣ ሰው ቀጠርሽ እንዴ?" አሉኝ ገና ከደጅ ሆነው።

"ኧረ ማንን ልቅጠር እትየ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ይግቡ።"

ገብተው ዙሪያውን አዩ፣ እኔንም አዩኝ፣ እጄ ላይ ያለውን ወረቀትም አዩ። "ሁለት ሆናችሁ ስትፈገፍጉ ነው ጠዋቱን ሙሉ የሰማሁት" አሉ። "አንዷ ስታርፍ አንዷ ትቀጥላለች።"

"ያስተጋባል፣ ባዶ ስለሆነ ነው።"

"ይሆናል" አሉና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። "የሟች እጅ ያረፈበትን ባትነኪው ደግ ነበር ልጄ። ከነካሽው ደግሞ ቢስሚላሂ እያልሽ ሥሪ" አሉኝ።

ሰው እንዲህ ሲባል ይፈራል፣ እኔ ግን፣ እመኑኝ፣ የተሰማኝ ንዴት ነበር፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሙያዬ እንኳ ብቻዬን አልሆንም ወይ የሚል ንዴት። እሳቸው እንደወጡ ሳላርፍ ፈግፍጌ ጨረስኩ፣ ስቱኮውን ሞላሁ፣ ሲደርቅ አለሰለስኩት፣ ሳይመሽም ውጩን በሙሉ የመጀመሪያውን ነጭ ቀባሁት። ውስጡን ለነገ አልኩ። ትኩስ ቀለም እንዳይጣበቅ በሮቹን ገርበብ አድርጌ ተውኳቸው፣ ይህን ምንጊዜም አደርጋለሁ፣ ረስቼው አላውቅም።

በማግስቱ ጉም ነበር፣ የኛን አገር የክረምት ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ረፋዱን ሁሉ የማይነሳ ዓይነት። ጓዳ ሆኜ ሻይ ስጥድ ከሳሎኑ ብሩሽ ሰማሁ። በምን አወቅሽ አትበሉኝ፣ ዕድሜዬን የሰማሁት ድምፅ ነው፣ እንጨት ላይ ሲሳብ፣ ከዚያ የቀለም ጣሳው አፍ ላይ ሲጠረግ፣ ከዚያ እንደገና ሲሳብ። ችኮላ የለውም፣ የረጋ እጅ ነው። ሰይድ ሳይነግረኝ የመጣ መሰለኝ፣ "ሰይድ?" አልኩ። ቆመ።

ስገባ ማንም የለም። የውጩ በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ገርበብ ያሉት የብፌው በሮች ግን ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። ከፈትኳቸው።

ውስጡ አረንጓዴ ነበር። እርጥብ። ሽታው ፊቴን መታኝ፣ በጣቴ ስነካው ጣቴ አረንጓዴ ሆነ። እኔ ዘንድ አረንጓዴ ቀለም አልነበረም፣ በኋላም በየሱቁ ጣቴን እያሳየሁ ጠይቄያለሁ፣ ያ ዓይነት መምጣት ካቆመ ቆየ አሉኝ።

ግን ቀለሙ አይደለም ያስደነገጠኝ። አሠራሩ ነው። እንጨቱ ተፍቋል፣ ስንጥቁ ተሞልቷል፣ ብሩሹ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ሄዷል፣ ማዕዘኑ ላይ የወረደ አንዲት ጠብታ የለም። የእኔ አሠራር ነው። ማዳሟ ያላስተማረችኝ፣ እኔ ራሴ ያመጣሁት አንድ ነገር አለ፣ መጨረሻ ላይ ብሩሹን ከታች ወደ ላይ በጣም በቀስታ አነሳዋለሁ፣ ዱካ እንዳይተው፣ ይህን ለማንም አሳይቼ አላውቅም። እሱም ነበር። ከእኔም ይበልጥ የጠራ ነበር፣ ይህን ማለት ባልወድም እውነት ነው።

ሰይድ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጫማው ጭቃ፣ ልብሱ በጉም የራሰ። "ና ክፈተው" ብቻ አልኩት። ነጩን አልፎ፣ ወላሂ ዓይኑን እንኳ ሳያሳርፍበት፣ በሮቹን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ከዚያ በዝግታ፣ በተማሪው ደብተር ላይ ጥሩ ነገር እንዳየ አስተማሪ፣

"እጇ ተስተካክሏል" አለ።

"ምን አልክ?"

"ምን አልኩ?"

"አሁን። እጇ አልክ።"

"ምንም አላልኩም ሰዓዳ። መንገዱ አድቅቆኛል" ብሎ ጫማውን ሊያወልቅ ተቀመጠ። ማን ቀባው ብሎ አልጠየቀኝም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቀኝም። ፊቱን ግን አይቼዋለሁ፣ የፈራ ሰው ፊት አልነበረም፣ በናፍቆት የተቀበሉት ሰው ፊት ነበር። እኔን እንዲያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።

እትየ ዘሀራ ሰደቃ አውጪ አሉኝ፣ አወጣሁ። ብርጭቆውን መልሼ ደረደርኩ፣ ብፌው ውጩ ነጭ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ እዚያው ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ሰዎች ይህን ሲሰሙ "በቃ፣ አርፋለች" ይሉኛል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፣ የሚሠራ ሰው ድምፅ ያሰማል፣ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን አያሰማም። ሱቄ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አንድ ሥራ ልክ እንዳሰብኩት ሊያምርልኝ ሲል፣ ማንም ሳይኖር ዞር እልና ሥራውን በትከሻዬ እከልለዋለሁ፣ ፈተና ላይ ጎረቤቱ እንዳይኮርጅበት እንደሚሸፍን ተማሪ።