ብርቱካን ይዞ የመጣው ለቀስተኛ

አቶ ኃይለመለኮት በጄኔቭ፣ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው የተገኙት ዓርብ ጠዋት ነው። በማግሥቱ ጄኔቭ አደባባይ ቆመው፣ የአገር ቤቱ መንግሥት የኑሮ ውድነቱን የያዘበትን መንገድ የሚያወግዝ የስደተኛ ማኅበራቸውን መግለጫ ሊያነቡ ነበር። መግለጫው ከጠረጴዛው ጠፍቷል። ሐኪሙ የስኳር በሽታ መድኃኒታቸው ሐሙስ ከሰዓት ከልክ በላይ ተወግቷል አለ። መርፌውን በየጠዋቱ የምትወጋቸው ደግሞ አስታማሚያቸው ጽዮን ናት። ፖሊስ ፔርሚዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወሰደባት፤ ጥፋተኛ ከተባለች እስር አለ፣ ከዚያም ከአገር መባረር።

የሟቹ ወዳጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። ውሸት የሚለይ ጆሮ አላቸው ይባላል። ሰኞ ዕለት ፖሊሱን ጨምሮ ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰቡ።

ከዙሪክ አጠገብ ከዲቲኮን የመጣው ፍቅርተማርያም መግለጫው ለዝቧል ብሎ ከሟቹ ጋር መጣላቱን አልደበቀም። ከዙሪክ ሰፈር ከቪዲኮን የመጣው የማኅበሩ ሊቀመንበር ቃለጽድቅ ከፋሲካ ወዲህ እስከ ዓርብ ድረስ ጄኔቭን እንዳልረገጠ ተናገረ፤ ልጅቷ መጠኑን ተሳስታ ይሆናል ሲልም አከለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው።

«ዓርብ ለሁለታችሁም የደወልኩት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። «ያልኳችሁም አንድ ነው፤ ‹ጋሼ ትንሽ አሟቸዋልና ቶሎ ድረስ›።»

ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞረው በፈረንሳይኛ አስረዱት። አበሻ ሞትን በስልክ አያረዳም። ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና ከተባለ ሰውየው አልፏል፤ ሰሚውም ልቡ ያውቀዋል።

«ፍቅርተማርያም ጥቁር ለብሶ፣ ከባቡር ጣቢያ ጀምሮ እያለቀሰ መጣ። አንተስ ቃለጽድቅ?»

«ብርቱካን ይዤ መጣሁ። ታመሙ ነው ያሉኝ፣ እትዬ። በሽተኛ መጠየቅ ወንጀል ሆነ?»

«አባትህ ሲሞቱ ምን ብለው ነገሩህ?»



«አሟቸዋል ተብሎ ነው» አለ ፍቅርተማርያም። «የደወልኩለት እኔ ነኝ። ስልኩን ሳይዘጋ ነው ጩኸቱን የለቀቀው።»

«አየህ» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። «ያላወቀ ሰው ይጠረጥራል፣ ይደነግጣል። አለማወቁን ለማሳየት የሚጨነቅ የሚያውቅ ብቻ ነው።»

ፖሊሱ ብርቱካን ማስረጃ እንደማይሆን ተናግሮ፣ የቃለጽድቅን ስልክ ጠየቀ። የባቡር ትኬቶቹ በተርታ ተቀምጠው ነበር፤ የሐሙሱ ከዙሪክ ጄኔቭ ይላል። ቃለጽድቅ ትኬቱን ሲያይ ሁሉንም ተናገረ። መግለጫው ካልተነበበ፣ መግለጫው በሚያወግዘው በዚያው መንግሥት ውስጥ ሹመት ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። ለሽማግሌው የመድኃኒትዎ ሰዓት ደርሷል አላቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና፣ አምነውት ክንዳቸውን ሰጡት። መግለጫውንም ከጠረጴዛው አንስቶ ሄደ።

ፖሊሱ ቃለጽድቅን ይዞ ሊወጣ ሲል የጽዮንን ፔርሚ መለሰላት። እሷ ግን አላየችውም። ሦስት ቀን ሙሉ እንባዋ የጥፋተኛ እንባ እንዳይመስልባት ፈርታ አላለቀሰችም ነበር። አሁን ባዶው ወንበር ሥር ቁጭ ብላ «ጋሼ» አለች፤ ለቅሶውም ገና ያኔ ተጀመረ።