ያልተለካው ሃያ አንድ ቀን

በበሴ ስልክ አናት ላይ፣ ከባትሪው ምልክት ጎን፣ አንዲት ሚጢጢ የቁልፍ ምልክት ነበረች። ተንሪ ያየቻት ሆን ብላ አይደለም። በኢንዶኔዥያዋ የማካሳር ከተማ ሚኒባስ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተጠቅጥቆ እየሄደ የጎረቤትን ስልክ ላለማየት ዓይንን መጨፈን ያስፈልጋል። በሴ የኮሪያ ተከታታይ ፊልሟን ተመስጣ ታያለች። ቁልፏ ደግሞ ቪፒኤኑ አልጠፋም ማለቷ ነው።

«መቼ ነው ያበራሽው?» አለች ተንሪ።

«ቪፒኤኑን? እሱማ ሁሌም እንደበራ ነው። ጠፍቶም አያውቅም» አለች በሴ ዓይኗን ከፊልሙ ሳትነቅል። ካፏ ካመለጣት በኋላ ነው የገባት፤ ስልኳን ደረቷ ላይ ደፋችው።

ሁለቱም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሁለቱም የኮምፒውተር ክበብ አባላት ናቸው። ክበባቸው በሌሎች የእስያ አገሮች ካሉ ክበቦች ጋር ሆኖ የትኛው ድረ ገጽ እንደተዘጋ ይከታተላል። ሥራው እንኳ ቀላል ነው፤ በየማለዳው ቪፒኤን አጥፍቶ የመለኪያውን መተግበሪያ መጫን፣ የወጣውን ሰንጠረዡ ላይ መጻፍ፣ አለቀ። ቪፒኤን ከበራ ግን ስልኩ በሌላ አገር በር ዞሮ ስለሚገባ፣ እዚህ የተዘጋው ሁሉ ክፍት ይመስላል። ለዚህም ነው ጥንድ ሆነው በሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች የሚለኩት። ከጥንዱ አንዱ ካጭበረበረ የሁለቱም የወር ሥራ ይጣላል።

«ስለዚህ አልለካሽም» አለች ተንሪ። «ሃያ አንድ ቀን ሙሉ።»

«ወላሂ አልዋሸሁም። ገጹን እየከፈትኩ አየው ነበር፣ ይከፈታል፣ ‹ክፍት› ብዬ እጽፋለሁ። መተግበሪያው ቪፒኤን አጥፊ እያለ ሲነዘንዘኝ... ፊልሙ ይቋረጥብኛል እኮ!»



ሁለቱ የሚለኩት ገጽ ከከተማዋ ማዶ ባሉት ደሴቶች የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ነው። አሸዋ የሚዝቀው መርከብ ዛሬ የት እንደቆመ፣ መረብ የት መጣል እንደሌለበት የሚነጋገሩበት። ከሦስት ሳምንት በፊት ዓሣ አጥማጁ የተንሪ አጎት ባቾ አልከፈት አለኝ ብለው መጡ። የተንሪም ስልክ «ዝግ» አለ። በሴ ግን «ክፍት» ብላ ጻፈች፤ በማግስቱም፣ በሠልስቱም። የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ሱናርቲ የተንሪ ስልክ አርጅቶ ይሆናል አሉ፤ የክበቡ ልጆችም «ጡረተኛው ስልክ» ብለው ስም አወጡለት። ተንሪ ከገዛ ዓይኗ ይልቅ ጓደኛዋን አመነች። የአጎቷንም ስልክ የታመመው እሱ ነው ብላ፣ ያለውን ሁሉ ጠራርጋ አጥፍታ እንደ አዲስ አስነሳችው። የሟች ባለቤታቸው ፎቶዎች አብረው ሄዱ። ሰውዬው ግን አልተቆጡም፤ ከዳነ ምን ቸገረኝ ብለው ወሰዱት። ገጹ አሁንም አይከፈትላቸውም።

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ወረዱ። የተጠበሰ ሙዝ ከሚሸጡት አጠገብ ካለው ግንብ ላይ ተንሪ ተቀመጠችና ሰንጠረዡን ከፈተች። የወሩ ሰንጠረዥ ዛሬ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ለመግሪብ ሶላት ሲጠራ ይዘጋል፤ ከዚያ ከየአገሩ ከመጣው ጋር ተደባልቆ ሪፖርት ይሆናል። የሁለቱ ውጤት ስለሚጋጭ ሪፖርቱም ይህ ገጽ ማካሳር ውስጥ ስለመዘጋቱ ማረጋገጫ የለም ይላል።

በሴ ሁለት ሙዝ ገዝታ መጣች። ጥፋተኛ ሲሆን የሚጋብዝ ሰው መቼም የትም አገር አይጠፋም። ተንሪ አልተቀበለቻትም።

«ስሚኝማ» አለች በሴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የእኔን ሃያ አንዱንም ‹ዝግ› እያልኩ ልቀይረው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እውነቱም እሱ አይደል? ያንቺም ልፋት አይጠፋ፣ እኔም አልዋረድ። የየአገሩ ክበቦች ለሚገናኙበት ለባንኮኩ ስብሰባም ስምሽ ገብቷል። እኔን ካጋለጥሽ እኮ አብረሽኝ ነው የምትወድቂው።»

ተንሪን የጨነቃት፣ ሐሳቡ ደግ መምሰሉ ነው። ገጹ ዝግ ነው፤ ዝግ ተብሎ ይጻፋል፤ ማን ተጎዳ? ግን የበሴ ኔትወርክ ምን እንደሚል እስከዚች ደቂቃ ድረስ ማንም አያውቅም። በሴ ራሷም አታውቅም።

«ቪፒኤኑን አጥፊው» አለቻት።

«አሁን?»

«አሁን።»

በሴ አጠፋችው። ፊልሙ መሃል ላይ ቆመ። መለኪያውን ተጫነች፤ ሁለቱም አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው ጠበቁ። ቀይ መጣ። ዝግ።

«አየሽ!» አለች በሴ፣ ራሷ ያገኘችው ይመስል።

ተንሪ ሰንጠረዡ ላይ የበሴን ሃያ አንድ መስመሮች መረጠችና አጠፋች። ከዚያ የራሷን። የራሷን ለማጥፋት ግን ጣቷ ትንሽ ዘገየ። ባዶው ላይ የዛሬውን ቀን ከራሷ የማለዳ ውጤትና ከበሴ የአሁኑ ውጤት ጋር ጻፈች፣ ከሥሩም፦ «በሴ ከዛሬ በፊት አልለካችም። የጥንዳችን የወሩ ሥራ አይቆጠር። ከዛሬ ይጀመር።» ላከችው።

በሴ አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ስሜን ጻፍሽው።»

«አዎ።»

«ቲቸር ያባርሩኛል።»

«ካላባረሩሽ ነገ ማለዳ እናንተ በር ላይ ነኝ። እኔ እያየሁ ትለኪያለሽ።»

በሴ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች። ትንሽ ተስፋ ያገኘች መሰለች። «ታረቅን ማለት ነው?»

ተንሪ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። «አይደለም» አለች። «ትለኪያለሽ ነው ያልኩሽ።»