አፍሽን ክፈቺ

«አባዬ፣ ይሰማሃል? ሊጀምር ነው።»

«ይሰማኛል። ዝማሬው ግን ገና ነው መሰለኝ» አለ አባቷ።

ሶልያና በሕዝብ በተጨናነቀው የቫሌንሲያ አደባባይ መሐል ስልኳን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘች። አባቷ በየነ ኦስሎ ነው ያለው፤ ብሪን በሚባለው ሰፈር በሚያጸዳው መጋዘን ምሳውን በልቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። እናቷ የዓለምወርቅ «በሁዳዴ ጾም የምን ስፔን ነው?» ብላ ከክፍሏ ተማሪዎች ጉዞ ልታስቀራት ስትል ያስፈቀደላት እሱ ነበር። የእሳት በዓል ነው ሲባል ሌላ ምንም አልጠየቀም። በየዓመቱ መስከረም ኦስሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደመራውን የሚያቆመው እሱ ነውና «እሳት ከሆነማ እንደኛው ደመራ ነው። ሲጀምር ደውዪልኝ፣ ዝማሬያቸውን ልስማው» አለ። ሶልያናም ደመራ ያለ ዝማሬ አይታ ስለማታውቅ ነገሩ ልክ መሰላት። የስፓኒሽ አስተማሪያቸውን እንኳን አልጠየቀችም።

«ቄሶቹ ግን የት አሉ?» አለ ፊሊፕ አንገቱን አስግጎ። በኦስሎ የስቶቭነር ሰፈር ልጅ የሆነው የክፍል ጓደኛዋ ፊሊፕም ያደገው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው።

አጠገባቸው የቆሙ አንዲት አሮጊት ሶልያናን ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ወደ ገዛ አፋቸው እየጠቆሙ በሰፊው ከፈቱት።

«አፋችሁን ክፈቱ ነው የሚሉት» አለች ሌላዋ የክፍል ጓደኛዋ ናታሊ። ከሦስቱ ስፓኒሽ የሚገባት እሷ ነበረች።

«ለምን?»

«እኔ እንጃ።»

«ጥርሳችንን ሊያዩልን ነዋ» አለ ፊሊፕ።

ሶልያና እየሳቀች ሳለ ፈነዳ።

ዝማሬ አልነበረም። የኦስሎው ዓይነት ሰማይ ላይ የሚያብብ ርችትም አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ፣ አደባባዩ መሐል በገመድ የተንጠለጠለ ባሩድ ተራ በተራ ይፈነዳ ጀመር። ድምፁ የገባው በጆሮዋ ብቻ አልነበረም። ከመሬት ተነስቶ በጫማዋ፣ በጉልበቷ፣ በደረቷ ወጣ። ልቧ ቆሞ ፍንዳታው በሷ ፈንታ የሚመታ መሰላት። ጢሱ ሰማዩን ሸፈነው። እያንዳንዱ ፍንዳታ ካለፈው ይብሳል፤ አሁንስ አበቃ ስትል ሌላው ይከተላል። እንደዚያ ደንግጣ አታውቅም። ስልክ መያዟንም ረስታው ነበር።

ትዝ ሲላት አንዱን ጆሮዋን በጣቷ ደፍና ስልኩን በሌላው ላይ አጣበቀችው።

«ተኚ። ሶልዬ፣ መሬት ላይ ተኚ። አፍሽን ክፈቺ። እንዳትነሺ፣ አፍሽን ክፈቺ…»

አባቷ ነበር። በየነ ቤት ውስጥ ኳስ እያየ እንኳን ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። አሁን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮሃል። ሶልያና ሳታስበው በጉልበቷ ተንበረከከች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ጢሱ ሳሳ ሲል አደባባዩ በጭብጨባ ተናወጠ። አሮጊቷ በደስታ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«በዓል ማለት ይሄ ነው» አለ ፊሊፕ ጆሮውን እያሻሸ።

ናታሊ ሶልያናን ከመሬት አነሳቻት። «ምን ሆነሻል? ገርጥተሻል እኮ።»

«አባቴ ጮኸ።»

«ተቆጣሽ?»

«ናይ» አለች ሶልያና በኖርዌይኛው። «ፈራ።»

ደጋግማ ደወለች፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ስልኩን ይዞ ስለነበር መስመሩ አልሠራም። ያገኘችው ወደ ማታ ነው፣ ያውም እናቷን። በዚያን ሰዓት ሦስቱም ፎቅ ከሚያክል የእንጨትና የወረቀት ሐውልት ሥር ቆመው ነበር። ዓመት ሙሉ ተቀርጾና ተቀብቶ፣ ዛሬ ይቃጠላል። ኦስሎ እያሉ ለማየት የቋመጡለት ይሄ ነበር፤ ሶልያና ግን ቀና ብላም አላየችው።

«ደህና ነው» አለች የዓለምወርቅ። «ከሥራ ቀደም ብሎ ገባ።»

«እስቲ ስጪልኝ።»

«እዚህ የለም፣ ወርዷል። ቦዱን እያጸዳ ነው» አለች።

ቦድ የሚባለው ከፎቁ በታች፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ነው። እነሱ በሚኖሩበት ቶየን ሰፈር ያሉት ፎቆች ሁሉ አላቸው። በየነ ቦዱን የሚያጸዳው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ኦስሎ በሙሉ ርችት ሲተኩስ። ሁሌ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ያንን ቦድ ላስተካክል» ብሎ መጥረጊያውን ይዞ ይወርዳል። ቤተሰቡ ሲቀልድበት ኖሯል። ሶልያናም ቦዱን ከሷ አስበልጦ የሚወድ ይመስላት ነበር።

አሁን ደግሞ መጋቢት ነው። መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነው ያ ክፍል ለምን እንደሚጸዳ ሶልያና እዚያው ቆማ ገባት፤ ከፍንዳታ መሸሸጊያው ነው። አፍ መክፈትም ፍንዳታ ጆሮን እንዳይጎዳ ነው፤ አባቷ ይህን ያወቀው ከበዓል ሳይሆን ከጦርነት መሆን አለበት። ሐውልቱ ሲቀጣጠልና ሕዝቡ ሲጮህ፣ ዓይኗ እሳቱ ላይ ሆኖ የምታስበው መጥረጊያ ይዞ ስለተቀመጠው ሰው ነበር።

ስትመለስ አየር ማረፊያ የተቀበላት እሱ ነው። «ስልኩ ተቋረጠብን አይደል?» አለና ሻንጣዋን ተቀበላት። አፏን ልትከፍት ስትል «ጾሙንስ እንዴት አደረግሽው? ምን በላሽ?» ብሎ አጣደፋት። እንዳትጠይቀው እየለመናት መሰላት፤ ስለዚህ አልጠየቀችውም። ጸደዩም በጋውም እንዲሁ አለፈ። መስከረም ላይ ደመራውን እንደወትሮው አቆመ፣ እንደወትሮው ዘመረ።

የፈረንጆቹ ዓመት የመጨረሻ ቀን ሲመሽ ናታሊ መልእክት ላከችላት። «ኤከበርግ እንገናኝ። ፊሊፕም ይመጣል። ወፍራም ካልሲ አድርጊ።» ኤከበርግ ኮረብታ ላይ ሆነው የከተማውን ርችት ማየት የየዓመቱ ልማዳቸው ነው። ዘንድሮ ደግሞ ትምህርት ቤት ስለተለያዩ ሶልያና ቀኑን ስትጠብቀው ከርማለች። ጫማዋን እያሰረች ሳለ አባቷ በአጠገቧ አለፈ።

«እስቲ ያንን ቦድ ላስተካክል» አለ።

በሩ ተዘጋ። ሶልያና ግራ ገባት። ብትሄድ እንደ ዱሮው ብቻውን ሊቀመጥ ነው። ብትወርድ ደግሞ ይህን ያህል ዓመት የደበቀውን ልትገልጥበት ነው፤ ያፍር ይሆናል፣ ይቀየማት ይሆናል። ጥቂት ካሰበች በኋላ «ዛሬ አልመጣም። ቦድ አጸዳለሁ» ብላ ጻፈች።

«የምርሽን ነው?» አለች ናታሊ።

«አዎ።»

ቦዱ ቀድሞውንም ንጹሕ ነበር። አባቷ አሮጌ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ መጥረጊያውን በሁለት እጁ ይዟል።

«ምን ረሳሽ?»

«ምንም። ላግዝህ ብዬ ነው።»

«ምኑን? አልቋል እኮ። ሂጂ፣ ጓደኞችሽ ይጠብቁሻል።»

ሶልያና በሩን ከውስጥ ዘጋችና ጎኑ ካለው ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

«እናትሽ ናት የነገረችሽ?» አለ ወለሉን እያየ።

«አይደለችም። አንተው ነህ የነገርከኝ፣ በስልክ።»

በየነ መጥረጊያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «ያኔ ስትደውዪ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ካልፈለግክ አትንገረኝ፣ አባዬ።»

ከላይ፣ የቶየን አደባባይ አካባቢ፣ እኩለ ሌሊት እስኪሆን መጠበቅ ያቃተው አንዱ ርችት ተኮሰ። ግድግዳው ድምፁን ዋጥ አደረገው እንጂ አላስቀረውም። የአባቷ ጣቶች መጥረጊያውን ጨመደዱት።

ሶልያና ልክ እንደ አሮጊቷ አፏን በሰፊው ከፈተች።

አባቷ ዞር ብሎ አያት። ቆይቶ እሱም ከፈተ።