የመጀመሪያው ሹካ የአባት ነው

ሽማግሌው ባቲስታ ሞሊናሪ ሹካቸውን እንደጨበጡ ገበታው ላይ ተደፍተው ሞተዋል። ሳህናቸው ላይ ሁለት ያልተነኩ ድቡልቡል ሥጋዎችና ተገምጦ የቀረ አንድ ግማሽ አለ። በትልቁ ሳህን የነበረው ሁሉ እንዳለ ቀዝቅዟል፤ በዚያ ቤት እሳቸው ሳይቀምሱ ሹካ የሚያነሳ የለምና።

ኦርኔላ፣ የልጃቸው ሚስት፣ ከምድጃው አጠገብ ቆማ እጇን ታያለች። ያሸችው ጥሬ ሥጋ ጥፍሮቿ ሥር ደርቋል። መታጠብ ፈልጋ ፈራች፤ ብትታጠብ «ማስረጃ አጠፋች» የሚሏት መሰላት። ከመስኮቱ ውጭ የሸንኮራው ማሳ በሙሉ ውኃ ሆኗል። መንገዱም አጥሩም ጠፍቷል፤ በእግሩ ቆሞ የቀረው በምሰሶ ላይ የተሠራው ቤትና ማዶ ያለው የፓምፕ ቤት ብቻ ነው። ድሮም ከዚህ ቤት መውጫ አልነበራትም፤ ጎርፉ ነገሩን በዓይን የሚታይ አደረገው እንጂ።

ፖሊሷ ሳጅን ኖሪን ኪሆ በስልክ ተጠርታ በጀልባ መጣች። ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ የምትገባ ሴት ናት። ሬሳውን አየች፣ ሳህኑን አየች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ውኃው ጥቂት እስኪጎድል በጀልባም መመለስ አይቻልም፤ እዚሁ ነን። ሬሳውም፣ እኔም፣ እናንተም» አለች። «ምግቡን ማን ሠራው?»

«እኔ» አለች ኦርኔላ።

«ማን አቀረበላቸው?»

«ሳህናቸውን እኔ ሞላሁ፤ ዳሪዮ አደረሰላቸው።»

ባሏ ዳሪዮ ከግድግዳው ተደግፎ ነበር። አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም የመኪና ቁልፍ ከአባቱ እየለመነ የሚኖር ሰው ነው።

«እኔማ አስተናጋጅ ነበርኩ» አለ። «ድስቱ የእሷ፣ እጁ የእሷ። ጠዋት ምን እንዳለች አክስቴን ይጠይቋቸው።»

ኦርኔላ ባሏን አየችው። እሱ ግን አላያትም።

የሟቹ እህት፣ አክስት ኢልዴ፣ መሐረባቸውን ጠመዘዙ። ሳጅኗ ስትጠብቃቸው ወጣላቸው።

«‹ከዚህ ቤት የምወጣው ወይ እሳቸው ሲሞቱ ወይ እኔ ስሞት ነው› ብላለች። በንዴት ነው እኮ! እናቷን አይታ እንድትመጣ አልፈቅድም ስላሏት ነው። እኔም በልጅነቴ ስንቴ ብያለሁ።»

«ታዲያ እርስዎ ወጡ?»

«የት ልሂድ ልጄ?»

ሳጅኗ ሦስቱንም ድቡልቡል በሹካ ጫፍ ከፈተቻቸው። ከተገመጠው ግማሽ ውስጥ አረንጓዴ ብናኝ ታየ። ሰው እንዳይሳሳት ተብሎ ቀለም የተነከረ፣ የሸንኮራ ማሳ አይጥ የሚገደልበት መርዝ ነው፤ አገሩ በሙሉ ያውቀዋል።

«የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ፓምፕ ቤት» አሉ ኢልዴ። «ቁልፍ የለውም። ሁላችንም ከዚህ እስከዚያ በተዘረጋው ጣውላ ተሻግረን እንገባለን።»

«ይኸው! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ዳሪዮ። አክብሮቱን ረስቶታል። «ውሰጃት!»

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል አሉ» አለች ሳጅኗ፣ ቀና ሳትል። «ኦርኔላ፣ እስቲ እንዴት እንደምትሠሪው ንገሪኝ።»

ኦርኔላ ሳጅኗ ያሾፈችባት መሰላት። ሰው ሞቶ ስለ ወጥ ቤት ሙያ! ግን ሌላ የሚጠይቃት አልነበረም።

«የተፈጨ ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ አይብ። ሌላ ጊዜ ዳቦ በወተት አርሼ ነበር የማስገባው፤ በዚህ ዝናብ ዳቦው ሻገተብኝ። አክስቴ ድንች ቀቀሉልኝ፣ እሱን ፈጭቼ አስገባሁ። ከዚያ እጄን ውኃ እየነከርኩ ማድበልበል ነው። እጅ ከደረቀ ይሰነጠቃል።»

«ጨውስ? ጥሬ ሥጋ አትቀምሺም መቼስ።»

«ትንሽ ቆርሼ እጠብስና እቀምሳለሁ። ዛሬም ቀመስኩ፤ አልጫ ሆነብኝ፣ ጨው ጨመርኩ።»

«ባልሽስ ያኔ የት ነበር?»

«ፓምፕ ቤት። ምሳ ዕቃውን ይዞ ከጠዋት ወጥቶ፣ የገባው ጠብሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።»

ሳጅኗ ተነስታ ቦቷን አጠለቀችና በጣውላው ተሻገረች። እስክትመለስ ድረስ ሦስቱ ከሬሳው ጋር ቀሩ። ኦርኔላ ባሏን «ዳሪዮ» ብላ ጠራችው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ባሏ እያሳሳቀ ምን ያህል እንደወሰዳት ያን ጊዜ ገባት።

ሳጅኗ የተመለሰችው ምሳ ዕቃ ይዛ ነው። ገበታው ዙሪያ፣ ሟቹ ባሉበት፣ ሦስቱንም አስቀመጠቻቸው።

«ዳሪዮ፣ እዚህ ውስጥ ምን ነበር?»

«ከእሑድ የተረፈ ድቡልቡል። በልቼዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ሳጅኗ። «ኦርኔላ ከሥጋው ጠብሳ ቀምሳለች፤ ቆማ ታወራኛለች። ስለዚህ ስትቀምሰው ሥጋው ንጹሕ ነበር። ከቀመሰች በኋላ ጨምራበት ይሆን? ቢሆን መርዙ በሁሉም ውስጥ በታየ። ሌሎቹን ሁለት ድቡልቡሎች ከፈትኩ፣ አረንጓዴ የለም። አንዱ ብቻ ተመርዟል። ያ አንዱ ደግሞ...» ሳህኑን ወደ ኢልዴ ገፋችው። «እርስዎ ይዩት። ሳይነኩት።»

ኢልዴ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ... ዳቦ ነው» አሉ። «ሁለቱ ድንች ናቸው፣ ይሄኛው ዳቦ ነው። የዛሬ አይደለም!»

«የእሑድ ነው። የእሑዱ ትራፊ ደግሞ በዚህ ምሳ ዕቃ መርዙ ወዳለበት ቤት ሄዷል። ያንን አንድ ድቡልቡል ከዛሬዎቹ ላይ የደረበው ሰው፣ ዛሬ ድንች መግባቱን የማያውቅ ሰው ነው። ኦርኔላ ታውቃለች፤ ራሷ ፈጭታዋለች። እርስዎ ያውቃሉ፤ ቀቅለዋል። ሳህኑን ከወጥ ቤት እስከ ገበታው ያደረሰው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሹካ የአባት መሆኑንም ያውቃል፤ ሌላ ሰው ሳይቀምስ ድስቱ በሙሉ የተመረዘ ይመስላልና።»

ዳሪዮ ብድግ አለ። «ዳቦና ድንች ማን ይለያል! ከተጠበሰ በኋላ ሁሉም አንድ ነው!»

«ላንተ» አለች ሳጅኗ።

ዳሪዮ ወዴት ይሂድ? በሁሉም በኩል ውኃ ነው። መልሶ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እንድንወጣ ብዬ ነው፣ ኦርኔላ» አለ። «ለአንቺም ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ እኔ በሞላሁት ሳህን ለምን?»



ወደ ማታ የአጥሩ አናት ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። በአንሶላ የተጠቀለለው ሬሳ ቀድሞ ጀልባው ላይ ተጭኗል። ሳጅኗ ዳሪዮን በካቴና አስራ ወደ ጀልባው ስታወርደው፣ ኦርኔላ በረንዳው ላይ ቆመች። እንባዋ እየወረደ ነው፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አንድ ቀን እንኳ ወጥ ቤት ገብተህ ‹ዛሬ ምን ሠራሽ?› ብትለኝ ኖሮ ድንቹን ታውቅ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ጀልባ የምሄደው እኔ ነበርኩ።»

ዳሪዮ አንገቱን ደፋ። ሞተሩ ተነሳና ጀልባዋ በሸንኮራው መካከል ራቀች።

ኦርኔላ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ከዚያ ሁለት ጥንድ ጫማ አምጥታ በሩ ላይ ደረደረች፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የኢልዴ ነበር።

«መንገዱ ነገ ጠዋት ይከፈታል፣ አክስቴ። እናቴ ጋ እንሄዳለን» አለች።

«እኔም?» አሉ ኢልዴ።

«እርስዎም።»

ኢልዴ ጫማቸውን እዚያው ቁጭ ብለው ተጫሙትና፣ ማሰሪያውን አጥብቀው መንጋቱን ይጠብቁ ጀመር።