በፖም አበባ ላይ የታሰረ ክር

ክሩን መጀመሪያ ያዩት ወይዘሮ ዘውድነሽ ናቸው። ጠዋት ግቢ ሲጠርጉ ቀና ቢሉ፣ አበባ ባወጣው የጌጥ ፖም ቅርንጫፎች ላይ ቀይ ክር ተቋጥሯል። መጥረጊያውን ጣሉና ልጃቸውን ጠሩ።

«ኤቢሴ፣ ነይ እስኪ። ይሄ የጤና አይደለም።»

ኤቢሴ የፋርማሲ ጋዋኗን እንደያዘች ወጣች። ዛፉን ሟቹ አባቷ አቶ ጀቤሳ የተከሉት ለውበቱ ብለው ነበር። ፍሬው ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ ይጎመዝዛል፤ ቀልቶ ሲንዠረገግ ግን የአዳማን ሙቀት ያስረሳል። ከጎኑ የነበረው ሌላው ፖም የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲቆፈር ከተቆረጠ ወዲህ አበባው ዝም ብሎ ይረግፋል፤ አንድም ፍሬ አልያዘም። እናቷ ፋሲካ ሲያልፍ ሊያስቆርጡት ወስነዋል።

«መተት ነው» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ወደ ሰርቪሱ እየተመለከቱ። «ይሄ ተከራይ ከመጣ ጀምሮ አላማረኝም። ዝምተኛ ሰው እፈራለሁ።»

ተከራዩ ምልኬሳ ይባላል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት ማሽን ይጠግናል። ሰላምታው አጭር ነው። እሁድ እሁድ አሰላ ይሄዳል፤ ለምን እንደሚሄድ ተናግሮ አያውቅም።

ኤቢሴ በመተት አታምንም። ወንድንም ግን በቀላሉ አታምንም። ከዚህ በፊት አገባሻለሁ ሲላት የኖረው ሰው ሚስት እንዳለው የሰማችው ከባዳ አፍ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ጠበቀች። ምልኬሳ በአንድ እጁ የቆርቆሮ ክዳን፣ በሌላው ለስላሳ ብሩሽ ይዞ ወጣ። ብሩሹን ክዳኑ ውስጥ ካለው ብጫ ዱቄት እያስነካ፣ አበቦቹን የተኛ ሕፃን ጉንጭ እንደሚነካ ሰው ቀስ እያለ ዳበሳቸው። ከዚያ ክር ማሰር ጀመረ።

ኤቢሴ በሩን ከፍታ ወጣች። «ምን እያደረግክ ነው?»

ደንግጦ ዞረ። «ፍሬ እንዲይዝ ብዬ ነው። ይሄ ዛፍ በራሱ አበባ ብናኝ አያፈራም፣ የሌላ ፖም አበባ ይፈልጋል። ከአሰላ ነው የማመጣለት። ክሩ የነካሁትን ካልነካሁት እንድለይበት ነው።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። እማማ ሊያስቆርጡት እንደሆነ ሰማሁ። አንቺ ደግሞ ከሥራ ስትመለሺ ቤት ከመግባትሽ በፊት እሱ ሥር ትቀመጫለሽ።»

ኤቢሴ ልታምነው ፈለገች፤ ያስፈራትም ይኸው መፈለጓ ነው።

ያኔ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሲያነሳው የሴት ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። «ምልኬ፣ አበባው ሳይጠወልግ ደረሰልህ?»

መልሼ እደውላለሁ ብሎ ዘጋው።

«ማናት?»

«ሶረቲ ትባላለች። አበባውን የምትሰጠኝ እሷ ናት።»

«ምንህ ናት?»

ምልኬሳ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ልንጋባ ነበር» አለ።

ኤቢሴ ጥላው ገባች። እናቷ ተከራዩን ቤት እንዲለቅ ሲነግሩት፣ መተት አይደለም ብላ እውነቱን መናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም። ምልኬሳ ፍራሹን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሲወጣ መስኮቷን እንኳ አልከፈተችም።

ፋሲካ ሲያልፍ አበባው ረገፈ። ክር ያለባቸው ቅርንጫፎች ላይ ግን እንደ ሽምብራ ያሉ አረንጓዴ ፍሬዎች ቀሩ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ከዛፉ ሥር ብዙ ቆሙ። ለቆረጣ የመጣውንም ሰው መለሱት።

«ሰውየውን በከንቱ አባረርነው» አሉ።

ኤቢሴ ግን ሌላ ጥርጣሬ ነበር የሚቆረቁራት። ከሥራ ባልደረባው የሶረቲን አድራሻ ጠይቃ፣ እሁድ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ አሰላ ሄደች። በሩን የከፈተችላት ሴት ነፍሰ ጡር ናት። ከኋላዋ ባሏ መኪና ያጥባል።

«አንቺ ኤቢሴ መሆን አለብሽ» አለች ሶረቲ።

«እንዴት አወቅሽኝ?»

«ሲያወራልኝ ነዋ የከረመው። እኔና እሱ ወደን ነው የተለያየነው፣ ቆይቷል። አሁን ሲመጣ አበባውን ቆርጦ ቶሎ አይሄድም፤ ስላንቺ ያወራል። ይጠወልግብሃል ብዬ ገፍቼ የማስወጣው እኔ ነኝ። ‹ሳያት ቃል ይጠፋኛል› ይላል። እኔ ዘንድ ግን ቃል ጠፍቶት አያውቅም።»

ኤቢሴ እዚያው አሰላ መናኸሪያ ሆና ደወለችለት። አመሻሽ ላይ አዳማ ስትደርስ ከሚኒባሶቹ ጎን ቆሞ ይጠብቃታል። ሸሚዙ የማሽን ዘይት ነክቶታል።

«ለእናቴ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ዝም አልኩ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ተቀይመኸኛል?»

«አዎ።» ወደ ሸሚዙ አየና፣ «ስትደውይ ግን ልብስ እንኳ ሳልቀይር መጣሁ» አለ።

ኤቢሴ መሬት መሬቱን አየች። «ክፍሉን ሌላ ሰው ተከራይቶታል።»

«ክፍል አልጠየቅኩም።»

«ታዲያ ምን ትጠይቃለህ?»

ምልኬሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። «ሽማግሌ ብልክ እማማ በር የሚከፍቱላቸው ይመስልሻል?»

ሚኒባሶቹ ሞልተው ወጡ።

«እኔ እከፍትላቸዋለሁ» አለችው።