ወደ ላይ የተመለሰው ገጽ

«የፎገራ ሽንኩርት ነው?»

«የሊቦ ነው። ያስለቅሳል።»

የምስጢር ቃሉ ገጠመ።

የሐሙሲት ገበያ ደርቷል። ስመኝ ሽንኩርት የምትመርጥ መስላ ጎንበስ አለች፤ ፍላሽ ዲስኳን ሙላቴ በያዘው ፌስታል ውስጥ ጣል አደረገች። ሙላቴ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ ሚኒባሱ ሊሄድ ዞረ። የባሕር ዳር መስመር ሹፌር ነው፤ በምስጢር ስሙ «ድልድይ»። እሷ «እንዝርት» ናት። ስመኝ የሚለውም ቢሆን መታወቂያዋ ላይ የተጻፈ እንጂ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም።

«ነገ ከአራት ሰዓት በፊት ማዕከል ካልደረሰ ዋጋ የለውም» አለችው።

«ይደርሳል።»

ዓይኗን አላየም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረባት።

የስለላ ማዕከሉ ልኳት ደብረ ታቦር ከገባች ሰባት ወሯ ነው። ዳኛቸው የዘር ድንች ነጋዴ ነው፤ እሷ የመረጃ ባለሙያው ሆና ተቀጥራለች። ሰውየው ዘሩን ጉና ላይ በስልሳ ገበሬዎች ማሳ ሞክሮ፣ ከግማሹ በላይ አጠውላጊ በሽታ ወጥቶበታል። ይህ በሽታ አንዴ አፈር ከገባ ለዓመታት አይወጣም። ነገ ዓርብ ግን ዳኛቸው ዘሩ ጤነኛ መሆኑን በባለሥልጣናትና በገበሬ ተወካዮች ፊት «ያረጋግጣል»። ዘሩ የተጫነባቸው መኪኖች በር ላይ ቆመዋል። ስብሰባው በጭብጨባ ካለቀ በሽታው በዚያው ቀን ጉናን ይወጣል።

ዳኛቸው የሚያቀርበው ማስረጃ ኖትቡክ የሚሉት የኮምፒውተር ደብተር ነው፤ ስሌቱና ማብራሪያው በአንድ ላይ ተከታትለው ይጻፉበታል። የስመኝ ሥራ ያን ደረቅ ደብተር ተረት ማድረግ ነበር። ሰው የማውሱን ጎማ ወደ ታች ባንከባለለ ቁጥር የጉና ካርታ ይመጣል፣ ማሳዎቹ አንድ በአንድ ይበራሉ፣ ታሪኩም ይቀጥላል። ደስ ይላል። ከስር የተደበቀችውን አንዲት መስመር ግን ማንም አያያትም፤ የታመመውን ሁሉ «ጤነኛ» ብላ የምትቀይር መስመር ናት። ፍላሿ የያዘችው እሷን ነበር።

ዓርብ ጠዋት ዳኛቸው ቢሮዋ ገባ። ፍላሿን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ሐሙሲት ላይ ጥለሽ ነበር መሰለኝ።»

ሙላቴ! አደራ በላ፣ ከንቱ!

«ገጹን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ንጹሕ ነው» አለ ዳኛቸው። «እንግዶቹ የሚጠብቁት አንቺን ነው፤ ታቀርቢያለሽ፣ ትስቂያለሽ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ሞገስ! ስልኳን ያዝ።»

ሞገስ ጠባቂው ነው። ስልኳን ኪሱ ከተተና ከጀርባዋ ቆመ።

ዳኛቸው አንድ ነገር ስቷል። ሰው ገለጻ ሲያይ ወደ ታች እንጂ ወደ ኋላ እንደማይመለስ ያምናል። ስመኝ በዚህ እምነቱ ላይ ወጥመድ ሠርታለች። ገጹ ወደ ታች ሲወርድ የዳኛቸውን ውሸት ያወራል። ወደ ላይ ከተመለሰ ግን ያቺ መስመር ትዘለልና ስሌቱ ከመጀመሪያው መዝገብ ይደገማል።

ወደ ላይ የሚመልሰው ሰው ግን ያስፈልጋል።

አዳራሹ ሞልቷል። በስልክ የሚከፈተው የገጹ አድራሻ ለእንግዶቹ ሁሉ ታድሏል፤ ዳኛቸው ይህን የመሰለ ሥልጣኔ ይወዳል። ፊት ለፊት የጉናው መሪጌታ አዳነ ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ስመኝ መጋቢት ላይ ከማሳቸው ናሙና ወስዳለች፣ ከማዕዳቸው ቆርሳለች። መሪጌታ የትናንቱን ቀለም ከሥሩ ሳያስደግሙ ተማሪ ወደ ፊት እንደማያሳልፉ በዓይኗ አይታለች። ማሳቸው መታመሙንም ያኔውኑ አውቃለች። አልነገረቻቸውም። ሽፋኗ እንዳይገለጥ ነዋ!

ተነሣች። ሞገስ ተጠጋት።

«ታላቅ እያለ እኛ አንጀምርም» አለች። «መሪጌታ፣ አንቱ ይክፈቱልን።»

ጭብጨባ ሆነ። ዳኛቸው ጥርሱን ነክሶ ፈገግ አለ። ሽማግሌን በጉባኤ ማን ይከለክላል?

መሪጌታ ጎማውን በአንድ ጣት አንከባለሉት። ግድግዳው ላይ ካርታው መጣ። አረንጓዴ። ማሳቸው በራ። አረንጓዴ። መጨረሻው ላይ ደረሱ፦ ከስልሳ ማሳ ሃምሳ ስምንቱ ጤነኛ።

«እናመሰግናለን!» አለ ዳኛቸው ማውሱን ሊወስድ እጁን እየዘረጋ።

«ቆይ፣ ልጀ። እንዴት ይህን አለ? የእኔማ እኮ ጠውልጎብኝ ነበር። ውኃ ቢያንሰው ነው ብየ ዝም አልሁ እንጂ።»

«ጊዜ የለንም፣ መሪጌታ።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ልድገመው።»

ጎማውን ወደ ላይ መለሱት።

አንድ ማሳ ቀላ።

ከዚያ አምስት። ከዚያ አሥራ ሁለት።

ሠላሳ አራት።

ዳኛቸው ዘሎ ሶኬቱን ነቀለ። ግድግዳው ጨለመ። ከኋላ ግን አንዱ ባለሥልጣን የስልኩን ገጽ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ እየመለሰ ነበር። ጎረቤቱም። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

«መኪኖቹ ይቁሙ!» ብሎ ጮኸ ባለሥልጣኑ። «ይህን ሰውየም ያዙት!»

ሞገስ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወጣ። እንጀራው እስከዚያው ድረስ ነበር።

መሪጌታ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ናሙናውን የወሰድሽ አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«መጋቢት ነበር። ታውቂ ነበር?»

ስመኝ ስልኳን ከጠረጴዛው አነሣች።

«ባለፈው ወር ዘሩን ለልጀ አካፈልኋት፤ አዲስ ጎጆ ወጪ ናት። ሌላ መሬት የላትም።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ከቤቴ በልተሽ፣ ልጀ ብየሽ!»

አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። በጓሮው በር ወጣች።

ወረታ ላይ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ማዕከሉ አንድ ቃል ልኮ ነበር፦ «ጥፊ»። ሲም ካርዱን ልታወጣ ስትል ስልኩ ጠራ። ማንሳት አልነበረባትም።

አነሣችው።

«ስንት ዓመት ይቆያል አፈሩ ውስጥ?» አሉ መሪጌታ።

«አምስት ዓመት ድንች እንዳይነካው። ገብስ ይዝሩ። የልጅዎትን ድንች ከነሥሩ ነቅላችሁ አቃጥሉት፤ ዛሬውኑ።»

«እሺ።» አሉ። «ስመኝ የሚለው ስም ሐሰት ነው አሉኝ። የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ።»

«ለምን?»

«በጸሎት ላስብሽም ሆነ ልረግምሽ ስም ያስፈልገኛል። የቱን እንደማደርግ ገና አላወቅሁም።»

ስሙ ምላሷ ላይ መጣ። ከሰባት ወር ውሸት በኋላ አንድ እውነት ብትሰጣቸው ምን ነበረበት?

ስልኩን ዘጋችው። ሲም ካርዱን ሰብራ በመስኮት ጣለችው።

አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ጣራ ገዳም ሊሳለሙ ነው የሚሄዱት። እንባዋን አይተው ነጠላቸውን አቀበሏት።

«አይዞሽ። ማን ልበልሽ፣ ልጀ?»

«በለጠች» አለች። ይህም እናቷ ያወጣችላት ስም አልነበረም።